ከዮሐንስ መልእክት እስከ ዳዊት፤ የጀማሪ አንባቢ ደጃፍ

«ጋሼ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ማንበብ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?»

ይህን የጠየቀችኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ልብ ወለድ እያነበበች ያደገች፣ ያነበበችውንም ደጃፍ ላይ ቆማ የምታወጋኝ ልጅ ናት። እኔም ብዙ ሳላስብ፣ «መጽሐፍ ከየት ይጀመራል? ከመጀመሪያው ነዋ!» አልኳት። ብልህ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ስጠይቃት አንገቷን ደፋች። «የዮሴፍን ታሪክ እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። ከግብፅም አብሬያቸው ወጣሁ። ከዚያ ግን የድንኳኑ ልክ መጣ፤ ስንት ክንድ፣ ስንት ቀለበት፣ ስንት መጋረጃ። ቀጥሎ የመሥዋዕቱ ሥርዓት መጣ። ዘሌዋውያን ላይ ስደርስ አስቀመጥኩት። ለእኔ የተጻፈ መጽሐፍ አይደለም መሰለኝ፣ ጋሼ።»

የመጨረሻዋ ቃል ከነከነችኝ። አንድ አንባቢ አንድን መጽሐፍ ቢሰለች ምንም አይደለም። «ለእኔ አልተጻፈም» ብሎ ሲዘጋው ግን ኪሳራው ከባድ ነው። ይህ መጽሐፍ ደግሞ ሃይማኖቱን የሚቀበለውም የማይቀበለውም ሰው የአገራችንን ቅኔ፣ ተረት፣ ምሳሌ፣ ሥዕልና የዕለት ንግግር ሊረዳ ቢሻ ሊያልፈው የማይችለው መጽሐፍ ነው። እናም ጥፋቱ የልጅቱ ሳይሆን የእኔ እንደ ነበር ለመቀበል ተገደድኩ። ከዚያም ራሴን ጠየቅሁ። ለመሆኑ አባቶቻችን ጀማሪን ከየት ያስጀምሩት ነበር?

መልሱን ፍለጋ የሄድኩበትን መንገድ፣ ውድ አንባቢ፣ እነሆ ላካፍልህ።

* * *

መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ግእዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን፣ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ምዕተ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በዋናነት ከግሪክ ነው። ከዓድዋ ብዙም በማይርቀው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የብራና ወንጌሎች የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። ብራናቸው በቤተ ሙከራ ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው ምዕተ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል። በዓለም ላይ ካሉት ጥንታውያን ባለ ሥዕል ወንጌሎችም ይቆጠራሉ።

ነገር ግን ብራና ውድ ነበር። አንዱን መጽሐፍ ለመጻፍ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ፣ የወራት ድካም ይጠይቃል። ስለዚህ ከዘፍጥረት እስከ ራእይ ያለውን ሁሉ በአንድ ጥራዝ ይዞ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ የሚባል ነገር ለቀደመው አንባቢ የሚታሰብ አልነበረም። ኦሪቱ ለብቻው፣ ወንጌሉ ለብቻው፣ ዳዊቱ ለብቻው ይጻፋል፤ ለብቻው ይጠረዛል። «መጽሐፍ ቅዱስ» አንድ መጽሐፍ ከመሆኑ በፊት አንድ መደርደሪያ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። ወደ መደርደሪያ የቀረበ ሰው ደግሞ ከግራ ጀምሮ በተራ አይወስድም፤ መርጦ ያወጣል። ጥያቄው የትኛው ይቅደም ነው።

የንባብ ቤት ለዚህ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ ነበረው። ሕፃኑ በመጀመሪያ ሀ ሁን ይቈጥራል። ቀጥሎ አቡጊዳን ይይዛል፤ አቡጊዳ የፊደሉን ሰልፍ ስለሚያፋልስ ልጁ በቃሉ ሸምድዶ እንዳያታልል ይፈትነዋል። ከዚያ በኋላ በእጁ የሚገባው የመጀመሪያው እውነተኛ ጽሑፍ ዘፍጥረት አይደለም። የዮሐንስ የመጀመሪያው መልእክት ነው። ፊደለ ሐዋርያ ይሉታል። ከእርሱ ቀጥሎ የዮሐንስ ወንጌል ይመጣል፤ ከዚያም የንባብ ቤት መደምደሚያ የሆነው ዳዊት።

ለምን የዮሐንስ መልእክት? ምክንያቱን ጽፎ የተወልን የኔታ አላውቅም፤ መልእክቱን ለከፈተ ሰው ግን ነገሩ ሩቅ አይደለም። አምስት ምዕራፍ ብቻ ነው። ቃላቱ ጥቂት ናቸው፤ ብርሃንና ጨለማ፣ ፍቅርና ጥላቻ፣ እውነትና ሐሰት፣ ሕይወትና ሞት። እነዚሁ ቃላት እየዞሩ ይመለሳሉ። ዛሬ በአንዱ መስመር የተቸገረበትን ቃል ልጁ ነገ በሌላው መስመር እንደ ወዳጅ ያገኘዋል። የሰው ስም እምብዛም የለ፣ የአገር ስም የለ፣ ልኬት የለ። ጀማሪን ለማስተማር ታስቦ የተጻፈ ያህል ነው። ወደ ዮሐንስ ወንጌል ሲሻገርም ብዙዎቹ ቃላት ቀድመውት ደርሰው ይጠብቁታል።

አነባበቡም ደረጃ ነበረው። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ፊደል በስንደዶ እየጠቆሙ መቍጠር ነው። ቀጥሎ ግእዝ፣ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ቁም ንባብ ይመጣል። ቁም ንባብ ላይ የደረሰ ተማሪ ተነሹን ከወዳቂው፣ ተጣዩን ከሰያፉ ለይቶ፣ ቃሉን እንደ ባሕርዩ ያሰማል። አንዱን ቃል ጥሎ ማንሣት ወይም አንሥቶ መጣል በየኔታ ዘንድ ቀላል ስሕተት አልነበረም። ይህ ሁሉ የሚሆነው በድምፅ ነው። በዝምታ በዓይን ብቻ ማንበብ ለዚያ ቤት እንግዳ ነገር ነበር። ጆሮ ያልሰማውን ዓይን አነበበ አይባልም።

* * *

ዳዊት የደረሰ ልጅ ሌላ ዓለም ውስጥ ይገባል። 150ው መዝሙር ዐሥር ዐሥሩ አንድ «ንጉሥ» እየተባለ በ15 ንጉሥ ይከፈላል። መሓልየ ነቢያት፣ መሓልየ ሰሎሞንና ውዳሴ ማርያም ይከተሉታል። ለሰባቱ ዕለታት ተከፋፍሎ ስለሚጸለይ ሰው ዳዊቱን ይደግመዋል እንጂ አንብቦ አይጨርሰውም። «ዳዊት ደገመ» የምንለው አነጋገርም ይህንኑ ይናገራል። ልጁ ዳዊት በደገመ ዕለት ቤተሰቡ ደስ ይለዋል፤ የአቅሙን ያህል ይደግሳል። ከዚያ በኋላ ወታደርም ቢሆን፣ ገበሬም ቢሆን፣ ጸሐፊም ቢሆን፣ ዳዊቱ በማኅደሩ ሆኖ ከትከሻው አይለይም።

የዚህ መጽሐፍ ድምፅ ከአገር ውጭ ያደረገውን አንድ ነገር ላስታውስ። በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ በሮም፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ያርፉ ነበር። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ሰው ሲጸልዩ ሰማቸው። ቋንቋውን አያውቅም፤ ነገር ግን በዜማው መካከል የማርያምንና የሐዋርያትን ስም ለየ። ጆሮው ያዘውና ሊማር ቆረጠ። አባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የተባሉ ኢትዮጵያዊ አስተማሩት። እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊት በግእዝ ፊደል በሮም ታተመ። በግእዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ፖትከን ቋንቋውን «ከለዳዊ» ነው ብሎ ተሳስቶ ነበር፤ መጽሐፉን ግን አልተሳሳተም። እርሱም እንደ ማንኛውም የንባብ ቤት ልጅ ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ፣ በጆሮው ሰምቶ፣ በዳዊት አነበበ። ሐዲስ ኪዳን በግእዝ የታተመው ከዚያ 35 ዓመት ቆይቶ፣ በ1548 እና 1549፣ በዚያው በሮም በአባ ተስፋ ጽዮን ድካም ነው። በኅትመትም ዓለም ዳዊት ቀደመ ማለት ነው።

* * *

እስካሁን የንባብ ቤትን አወድሻለሁ። አሁን ግን ስለ ጎደለው ነገር መናገር ይገባል፤ አለዚያ ታሪክ ሳይሆን ውዳሴ ብቻ መጻፌ ነው።

ልጁ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር ሲያነበንብ የሚለውን ሁሉ አያውቀውም ነበር። ቋንቋው ግእዝ ነው። ትርጓሜ የሚማረው ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ቅኔውን ካደረሰ በኋላ፣ መጽሐፍ ቤት ሲገባ ነው። በዚያ ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱን፣ መነኮሳቱን በጉባኤ ይሰማል። መምህሩ የግእዙን ቃል ይጠራል፤ ቀጥሎ በአማርኛ ይመልሰዋል፤ ከዚያም «አንድም» እያለ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ምሥጢር ያወጣል። በአማርኛ የተተረጐመ መጽሐፍ ቅዱስ በወረቀት ከመታየቱ በፊት በመምህራን አፍ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን እዚያ ጉባኤ የሚደርሱት ጥቂቶች ነበሩ። የቀረው ሕዝብ ድምፁን ወረሰ፤ ትርጉሙን ግን ከሰው አፍ ጠበቀ። ሴቶች ደግሞ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ወደ ንባብ ቤቱም አልቀረቡም።

ይህን በር በአማርኛ የከፈተው ሰው ከቤተ መንግሥትም ከታላቅ ደብርም አልተነሣም። በስደት ላይ የነበረ አንድ ሽማግሌ ነው። ስሙ አብርሃም ይባላል፤ ታሪክ በይበልጥ የሚያውቀው «አቡ ሩሚ» በሚለው ስም ነው። ብዙ አገር ዞሮ ካይሮ ሲደርስ ታመመ፤ አስሊን ደ ሼርቪል የተባለ የፈረንሳይ ቆንስላ ሰው አስታመመው። ሁለቱም አረብኛ ያውቁ ነበር። በዚያ ቋንቋ ተገናኝተው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ለመመለስ ተስማሙ።

ፈረንሳዊው በኋላ እንደ ተረከው፣ ለዐሥር ዓመታት በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ ደጁን ለእንግዳ ሁሉ ይዘጋ ነበር። በእነዚያ ሁለት ቀናት ከአረብኛው እያንዳንዱን ቁጥር ቀስ ብለው ያነባሉ። ከባድ ቃል ሲገጥም አስሊን ከዕብራይስጡ፣ ከሱርስቱ፣ ከግሪኩ እያመሳከረ ያስረዳል፤ ሽማግሌውም ቃሉን በአማርኛ ያሰፍራል። ማክሰኞና ቅዳሜ። ዐሥር ዓመት። እንዲህ ሆኖ 9,539 ገጽ ተጻፈ።

አቡ ሩሚ የድካሙን ፍሬ በኅትመት አላየም። ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ ወደ ካይሮ ከተመለሰ በኋላ በወረርሽኝ ሞተ። ዊልያም ጆዌት የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1820 የእጅ ጽሑፉን ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ መላው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። ሚሲዮናዊው ሳሙኤል ጎባት በ1830 ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ የታተመውን ወንጌል ይዞ ነበር። አንድ ኢትዮጵያዊ መጽሐፉን ከፍቶ፣ መምህር ሳይጠብቅ፣ በዕለት ቋንቋው የሚረዳበት ዘመን እንዲህ ተጀመረ።

ትርጉሙ እንከን አልነበረውም አይባልም። ከአረብኛ የመጣ ስለሆነ የአረብኛው ሽታ ነበረበት፤ አራሚዎቹም ባዕዳን ነበሩ። ስለዚህ ደጋግሞ ታረመ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የአገር ሊቃውንት ተሰብስበው ሠሩበት፤ ብዙዎቻችን ያደግንበት ትርጉም በ1954 ዓ.ም. ወጣ። አዲሱ መደበኛ ትርጉም በ1993 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ያሳተመችው ሰማንያ አሐዱም በ2000 ዓ.ም. ተከተሉ። የዛሬ ጀማሪ በመጽሐፍ እጦት አይቸገርም። ይልቅስ በአንድ ጥራዝ ተጠርዞ፣ ከዘፍጥረት ጀምሮ እንደ ልብ ወለድ የሚነበብ በሚመስል መጽሐፍ ይታለላል። መደርደሪያው አንድ መጽሐፍ ሲሆን ደጃፉ ጠፋ። የጎረቤቴ ልጅ የገጠማት ይኸው ነው፤ እኔም ያባባስኩት ይኸው ነው።

* * *

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለጀማሪ የሚተርፈው ምንድን ነው? እኔ የወሰድኩት አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ከትንሹ መጀመር። የዮሐንስ መልእክት አምስት ምዕራፍ ነው። ታሪክ የሚወድ ሰው አራት አራት ምዕራፍ ብቻ ያላቸውን ሩትንና ዮናስን ይያዝ፤ ሁለቱም በአንድ ምሽት የሚያልቁ ግሩም ትረካዎች ናቸው። ከወንጌላት አጭሩ ማርቆስ ነው፤ 16 ምዕራፍ። ዘፍጥረት ይቅር አልልም፤ ዮሴፍን ያላነበበ አንባቢ ምን አነበበ ይባላል! ነገር ግን የድንኳኑ ልክና የመሥዋዕቱ ሥርዓት ሲመጣ አልፎ መሄድ ኃጢአት አይደለም። ሰው ቤቱን ከለመደ በኋላ ወደዚያ ክፍል ይመለሳል። ያን ጊዜ ክንዱም መጋረጃውም ትርጉም ይኖረዋል።

ሁለተኛ፣ በድምፅ ማንበብ። ይህ በተለይ ለዳዊት ይሠራል። የዕብራይስጡ ግጥም እንደ እኛ ግጥም ቤት በመምታት የቆመ አይደለም። በአመዛኙ የሚመታው ሐሳብ ነው። አንዱ ስንኝ ያለውን ሁለተኛው በሌላ ቃል ይደግመዋል፣ ወይም ይገለብጠዋል፣ ወይም ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህም ግጥሙ በትርጉም ውስጥ አልፎ ይተርፋል፤ ቤት ቢፈርስ ሐሳብ አይፈርስምና። ይህን ግን ዓይን ብቻውን አይዘውም። ጮክ ብሎ ያነበበ ሰው ሁለተኛው ስንኝ ለአንደኛው ሲመልስ ይሰማዋል። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበል፤ የመዝሙሩ ቁጥር በሁሉም ዘንድ አንድ አይደለም። ግእዙ ግሪኩን ስለሚከተል፣ ስለ እረኛው የሚናገረው ዝነኛ መዝሙር በግእዙ ዳዊት 22ኛ ሲሆን በዕብራይስጡ ቁጥር በሚሄዱት 23ኛ ነው። ጀማሪ ይህን ባለማወቅ መጽሐፌ ተሳስቷል ብሎ እንዳይደናገጥ።

ሦስተኛ፣ ቀን መቍረጥ። አቡ ሩሚና ወዳጁ በየቀኑ እናንብብ ብለው አልማሉም። ሁለት ቀን መረጡ፤ በእነዚያ ቀናት ግን ደጁን ዘጉ። ዛሬ ደጃችንን የሚያንኳኳው እንግዳ በኪሳችን የያዝነው ስልክ ነው። እርሱን ለአንድ ሰዓት ዘግቶ አንዲት ምዕራፍ ቀስ ብሎ ማንበብ፣ ዓመት ሙሉ ከተለጠፈ የንባብ ሰሌዳ ጋር ከመሯሯጥ ይሻላል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለዚህም ያገለግላል።

አራተኛ፣ ብቻ አለማንበብ። ፖትከን አባ ቶማስ ነበሩት፤ አቡ ሩሚ ፈረንሳዊው ነበረው፤ የንባብ ቤት ልጅ የኔታ ነበሩት። «አንድም» የሚለው ቃል ራሱ አንድ ሰው ብቻውን ሊጨርሰው የማይችለው ንባብ መኖሩን ይመሰክራል። የግድ ሊቅ አያስፈልግም። አብሮ የሚሰማ፣ «ይህ ምን ማለቱ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ይበቃል።

* * *

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ልጅ በአጭሩ ነገርኳት፤ አስቀድሜም ይቅርታ ጠየቅኋት። ብቻዬን አላነብም ካለች፣ ማን አለሽ አልኳት። አያቷ አብረዋት ይኖራሉ። ፊደል አልቈጠሩም። ነገር ግን ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ማለዳ ማለዳ ዳዊት ይደግሙ ስለ ነበር ድምፁን ከልጅነት እስከ እርጅና ሰምተውታል። ከግእዙም ብዙውን በቃላቸው ይዘውታል፤ ትርጉሙን ግን ከዚህም ከዚያም ከለቃቀሙት በቀር አያውቁትም።

ማክሰኞና ቅዳሜ ማታ፣ ከቡና በኋላ፣ ልጅቱ በአማርኛ ታነብላቸው ጀመር። የዮሐንስን መልእክት ጨረሱ። ከዚያ ዳዊትን ያዙ። አንድ ማታ እኔም ቡና ልጠጣ ገብቼ ተገኘሁ። ልጅቱ አንዱን መዝሙር ስታነብ አያቷ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ስታበቃ ያንኑ መዝሙር እርሳቸው በግእዝ ወጡት፤ አንድም ቃል ሳያስቀሩ፣ ተነሹን እያነሡ ወዳቂውን እየጣሉ፣ ልክ ባለቤታቸው ይሉት እንደ ነበረ። ከዚያ ዝም አሉ።

«ለካስ እንዲህ ነው የሚለው፣» አሉ ቈይተው። «እኔ እኮ እርሱ ማለዳ ማለዳ የሚያመሰግን ይመስለኝ ነበር። ለካስ ያለቅስ ኖሯል።»

ማንም አልተናገረም። ልጅቱ መጽሐፉን አልዘጋችም፤ ጣቷን በመስመሩ ላይ እንዳሳረፈች ቆየች። እኔም በልቤ ያንን በስደት የሞተ ሽማግሌ አሰብኩት። 9,539 ገጽ ሲጽፍ፣ ደጁን ዘግቶ ቀስ ብሎ ሲያነብ፣ አንዲት አሮጊት አንድ ማታ የባሏን ለቅሶ እንደምትሰማ ከየት ያውቃል?

«ቀጥይ፣ ልጄ፣» አሉ አያቷ። «የሚቀጥለውንም አንብቢልኝ።»